ለማስመዝገብ ሁለት ቀን፣ ለመመለስስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ጦር መሣሪያ ስታትሙ ብዙ ጊዜ የማነበው ስለ መያዙ ነው። ይህን ያህል ክላሽ፣ ይህን ያህል ሽጉጥ፣ ይህን ያህል ጥይት በቁጥጥር ሥር ዋለ ይባላል። ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ፎቶ ይነሳል። አለቀ። ከዚያ በኋላ ያ መሣሪያ የት ገባ? ማን ወረሰው? የተያዘበት ሰው ጥፋት ካልተገኘበት መቼ ይመለስለታል? ይህን የሚከታተል ጽሑፍ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ስለዚህ እኔው ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራዬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው፤ ጠበቃ በኋላ ነው፣ ያውም ኪስ ከፈቀደ። የቀለብ እጽፋለሁ፣ የድንበር ግፊ እጽፋለሁ፣ የወራሽነት እጽፋለሁ። ሁሉም ቢዘገይም አንድ ቀን መልስ ያገኛል። ወረቀቴ ከቢሮ ቢሮ ዞሮ ዞሮ ያለ መልስ የሚቀርብኝ «በኤግዚቢትነት (በማስረጃነት) የተያዘው ጠመንጃዬ ይመለስልኝ» የሚለው ማመልከቻ ነው።

ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ፣ መሣሪያ አይያዝ እያልኩ አይደለም። ሠርግ ላይ ደስ አለኝ ብሎ ወደ ሰማይ የሚያንጣጣ ሰው ጠመንጃው እዚያው ቢቀማ ደስታዬ ነው። ሰማይ የሄደው ጥይት ተመልሶ አንድ ቦታ ይወርዳላ። ሚስቱን በሽጉጥ የሚያስፈራራ፣ ደም ተቃብቶ ጠላቱን መንገድ ላይ የሚጠብቅ፣ ያለ ፈቃድ የሚነግድ፣ ይወሰድበት፣ ይወረስበትም። ሰው የተገደለበት መሣሪያ ደግሞ ቀልጦ ይቅር እንጂ ለማንም አይመለስ። በዚህ የምጣላው የለም።

እኔ የማወራው ስለ ሌላው ሰው ነው። ስላስመዘገበው።

በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከለከለ፣ ቁጥጥሩን ለፌዴራል ፖሊስ ሰጠ፣ መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ያለው ሰው ደግሞ አስመዝግቦ ፈቃድ እንዲያወጣ በር ከፈተ። ጥሩ ነው። በርካታ ሰው የአባቱን ምንሽር ከጣሪያ ሥር አውርዶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ይዞ ሄዶ አስመዘገበ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መሣሪያ ማሳየት ማለት መሣሪያ ማጣት ነው ብሎ ያደገ ትውልድ ነው ያለን። በ1969 አዲስ አበባ ላይ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ የነበሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ ያዩትንም ለልጆቻቸው ነግረዋል። ይህን ፍርሃት ዋጥ አድርጎ «መንግሥት አስመዝግብ ብሏል፣ ላስመዝግብ» ያለ ሰው፣ እምነት ሰጥቷል ማለት ነው።

ያ እምነት የሚፈተነው ታዲያ መሣሪያው ሲመዘገብ አይደለም። ተይዞ፣ ጉዳዩ ተጣርቶ፣ ባለቤቱ ነጻ ሲወጣ ነው።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከጎረቤት ጋር በውኃ ቦይ ተጣሉ። ጎረቤትየው «በጠመንጃ ዛተብኝ» ብሎ አመለከተ። ፖሊስ መጣ፣ ምንሽሩን ያዘ። እስከዚህ ትክክል ነው፤ ዛቻ ከተባለ መሣሪያው ከመሀል መውጣት አለበት። ምርመራው ተጣራ፣ ምስክር የተባሉት «ጠመንጃ አላየንም፣ የተነታረኩት በአካፋ ነው» አሉ፣ ዐቃቤ ሕግም መዝገቡን በ42(1)(ሀ) ዘጋው። ፍርድ ቤት አካባቢ የማትውሉ አንባቢዎች፣ ይህ በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ክስ የማይመሠረትበት ቁጥር ነው።

ደስ ብሏቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። «አባባ፣ ከዐቃቤ ሕግ ይመለስላቸው የሚል ደብዳቤ ያምጡ» ተባሉ። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዱ። «እኛ መዝገብ እንጂ ጠመንጃ አልተረከብንም፣ የያዘው ይመልስ» ተባሉ። እኔ ጋ መጡና ለፍርድ ቤት ጻፍኩላቸው። ሬጅስትራር «ክስ ያልቀረበበት ነገር ነው፣ እኛ ዘንድ መዝገብ የለም» አለ። እውነቱን ነው፣ የለም! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሆነው። እንደገና ፖሊስ ጣቢያ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሰኞ ይምጡ።» ሰኞ ደግሞ ኃላፊው ተቀይረዋል።

አንድ ቀን እኔ ጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጥፋተኛ ብባል ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ ወረቀት ይሰጡኝ ነበር፣ ይግባኝ የምልበት።»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ ግን ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ልክ ናቸው። የተፈረደበት ሰው መሣሪያው «ለመንግሥት ውርስ ይሁን» ሲባል ትእዛዙ በጽሑፍ ነው፣ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፣ ይግባኝ አለው። በዚያው ሥነ ሥርዓት ሕግ ሳይከላከል በ141 በነጻ የተሰናበተ ሰውም ሆነ ተከላክሎ በ149 ነጻ የወጣ፣ ዳኛው ካስታወሱ ከፍርዱ ግርጌ ስለ ኤግዚቢቱ አንድ መስመር ይጽፉለታል። መዝገቡ በዐቃቤ ሕግ የተዘጋበት፣ ክሱ በ122 የተነሳለት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስለ መሣሪያው ምንም የተጻፈ ነገር አይዝም። ጥፋቱ እየቀለለ በሄደ ቁጥር ወረቀቱ እየጠፋ ይሄዳል። ጉድ አይደለም?

ለነገሩ የሽማግሌው ጠመንጃ በመጨረሻ ተመልሷል። ስንረከብ አብሬ ነበርኩ። ሰደፉ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፣ በእስክሪብቶ የተጻፈው የመዝገብ ቁጥር ደብዝዞ ከማለቁ የተነሳ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው የሚነበበው። ማንገቻው የለም። አፈሙዙ ዝጓል፤ የተቀመጠበት ክፍል ጣሪያው ያፈስ ነበርና ክረምቱ አልፎበታል። የመሣሪያውን ቁጥር ከፈቃዱ ጋር ለማመሳከር ዝገቱን በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ስንፈትግ ቆየን። ደግነቱ ቁጥሩ ገጠመ። ጥይቱን ስንጠይቅ የመያዣ ወረቀቱ ወጣ፣ «አንድ ጠመንጃ ከነጥይቱ» ይላል። ስንት ጥይት? አይልም። የመሣሪያው ቁጥር? አይልም። ዓይነቱስ? «ጠመንጃ»። ይህ ወረቀት ለክላሽም፣ ለምንሽርም፣ ለተሰበረ ጓንዴም ይሆናል።

ያስረከበንን ሠራተኛ አልወቅስም። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቁልፉን ከነዝርክርኩ ነው የተረከበው። ግን አስቡት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ደርዘን እስክሪብቶ ሲገዛ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲያወጣ ሞዴል 22 ይፈረማል። ሰው የሚገድል ዕቃ ግን በብጣሽ ወረቀት ይገባል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ራሱ የተያዘ ዕቃ ተመዝግቦ በአስተማማኝ ቦታ ይቀመጥ፣ ከተቻለም ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይፈርም ነው የሚለው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሕግ ማለት ነው። አዲስ ነገር አልጠየቅንም።

ሁለተኛው ዓይነት ባለጉዳይ ይብሳል። መሣሪያው የእሱ ነው፣ ጥፋቱ የሌላ። ወንድምየው ሳያስፈቅድ አንሥቶ ወጥቶ ተኮሰበት እንበል። ወንድምየው ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ መሣሪያውም ተወረሰ። ባለ ፈቃዱ በዚያ መዝገብ ላይ ተከሳሽ አይደለም፣ ምስክር አይደለም፣ መጥሪያ አልደረሰውም። መወረሱን የሚሰማው ሊጠይቅ ሲሄድ ነው። ይህ የቤት ወይም የመኪና ክርክር ቢሆን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ 358 «መብቴን የሚነካ ፍርድ በሌለሁበት ተሰጥቷል» ብዬ መቃወሚያ እጽፍለት ነበር፣ መንገዱ የታወቀ ነው። ለጠመንጃው ግን የምጽፍለት ማመልከቻ ርእስ እንኳ ያስቸግረኛል። «አቤቱታ» ብዬ አልፈዋለሁ።

እርግጥ ነው፣ ቁልፍ ያልቆለፈ ባለ ፈቃድም ጥፋት አለበት። ሳጥን ውስጥ መቆለፍ ያለበትን መሣሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ልጅ ካነሣው፣ «እኔ አላውቅም» ማለት አይበቃም። ይቀጣ፣ ፈቃዱም ይሰረዝ። ግን ቀርቦ ይጠየቅና ይፈረድበት። የተሰረቀበትና ሲሰረቅ ወዲያው ለፖሊስ ያመለከተ ሰው ደግሞ ከቸልተኛው ጋር አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጥም።

የወንጀል ሕጋችን አደገኛ ዕቃ ተከሳሽ ባይኖርም እንኳ እንዲወረስ ይፈቅዳል። አውቃለሁ፣ አንዳንድ ዐቃቤ ሕጎች ይህንኑ ይጠቅሱልናል። ግን ማን ነው የሚወስነው? ፍርድ ቤት ነው። ሕጉ ስልጣኑን ለዳኛ እንጂ ለመጋዘኑ አልሰጠውም። ማንም ሳይወስን በዝምታ ተቀምጦ የሚያልፍ መሣሪያ ተወረሰም አይባል፣ ተመለሰም አይባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የግል ንብረት መብት፣ በአንቀጽ 20 ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቶናል። «ጠመንጃ ልዩ ንብረት ነው» የሚል ካለ እስማማለሁ፣ ልዩ ነው። ልዩ ስለሆነ ግን ቀጠሮውም፣ መዝገቡም ከሌላው የጠበቀ መሆን ነበረበት፣ ጭራሽ የላላ ሳይሆን።

የሌላውን አገር ልጥቀስ፣ ልናስመስል ሳይሆን ነገሩ የሚቻል መሆኑን ለማየት። አሜሪካ መሣሪያ እንደ ልብ የሚገኝበት አገር ነው፣ በዚያ አልቀናም። ግን ይህን ጉዳይ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ነግደሃል ተብሎ ተከሶ በነጻ የወጣ ሰው 89 መሣሪያዎቹን መንግሥት በተለየ የፍትሐ ብሔር ክስ ሊወርስ ይችላል ብሎ ወሰነ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። በ1986 ኮንግረሱ ሕጉን ቀየረው። ባለቤቱ በነጻ ከወጣ መሣሪያው ወዲያው ይመለስ፣ መመለሱ ራሱ ሕግ የሚያስጥስ ካልሆነ በቀር። መንግሥት ልውረስ ካለ ደግሞ በተያዘ በ120 ቀን ውስጥ ክሱን ይጀምር። አያችሁ? ቀን አለው። ቀኑ የሚቆጠረውም በመንግሥት ላይ ነው።

ከዚያው አገር ሌላ ነገርም ወድጄላቸዋለሁ። በ2015፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ በከባድ ወንጀል ስለተፈረደበት መሣሪያ መያዝ የተከለከለ አንድ ሰው ፍርድ ቤት ቀረበ። መሣሪያውን መልሱልኝ አላለም፤ መያዝ ለሚችል ሰው ይተላለፍልኝ ነው ያለው። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ይቻላል አሉ፣ እሱ ራሱ ዳግም የማያዝበት እስከሆነ ድረስ። መያዝ ተከለከለ ማለት ባለቤትነቱ ጠፋ ማለት አይደለም ነው ነገሩ። ለእኛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈቃዱ የተሰረዘበት አባት የአያቱን ጠመንጃ ፈቃድ ላለው ልጁ፣ በተቆጣጣሪው ፊት፣ በፊርማ ቢያስተላልፍ ማን ይጎዳል?

አውስትራሊያ ደግሞ በተቃራኒው ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖርት አርተር በምትባል ቦታ 35 ሰው በጥይት ከተገደለ በኋላ በርካታ ዓይነት መሣሪያ ከለከለች፣ ከ640 ሺህ በላይ ሰበሰበች፣ አጠፋችው። ጠበቅ ያለ እርምጃ ነው። ግን በሕጋዊ መንገድ ይዞት ለነበረ ሰው ካሳ ከፍላ ነው። የእኛ ካዝና ያን ያህል አይችል ይሆናል። ደረሰኝ ግን ውድ አይደለም።

እኛም የፈረምነው ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የተፈረመው የናይሮቢ ፕሮቶኮል፣ የቀጠናችን አገሮች ስምምነት ማለት ነው፣ መሣሪያ ሁሉ መለያ ቁጥር ይኑረው፣ የተወረሰው እንዴት እንደሚወገድ በሕግ ይወሰን ይላል። በፎቶ የምናየው ክምር ከዓመት በኋላ የት እንዳለ በቁጥሩ መጠየቅ የሚቻለው ይህ ሲሠራ ነው። ሰዉ «የተያዘው መሣሪያ በጓሮ በር ይወጣል» ብሎ ያማል። እኔ አይቻለሁ አልልም። ግን ቁጥር የሌለው ደረሰኝ ባለበት ሐሜቱን ማን በምን ያስተባብላል?

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ በአቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ እንዲያስመዘግብ ተነግሮት ነበር። ጊዜው ጭንቅ ነበር፣ አልከራከርበትም። ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ለዜጋው ሁለት ቀን ከበቃ፣ ለቢሮው ስንት ይበቃል? ሠላሳ? ስድሳ? አሜሪካኖቹን ተከትለን 120 ብንል እንኳ እቀበላለሁ። ቁጥር ይባል ብቻ። ቀኑ ካለፈና ማንም ውርስ ካልጠየቀ፣ ፈቃዱ ጸንቶ ባለቤቱም ያልተከለከለ ከሆነ፣ የያዘው ጣቢያ ያለ ሌላ ደብዳቤ ያስረክብ። አልመልስም የሚል ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፣ ይግባኙን እኔ እጽፋለሁ።

«ደም የተቃባ ሰው ቢሆንስ? ነገ ወስዶ ቢገድልበትስ?» የሚለኝ አለ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የፖሊስ አባል ይህንኑ ጠየቀኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መዝገብ በማስረጃ እጦት ተዘጋ ማለት ስጋቱ ጠፋ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ጊዜ ፖሊስ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ «ስጋት አለኝ፣ ይቆይልኝ» ይበል፣ ባለቤቱም ይጠራ፣ ሽማግሌ ካለ እርቁ ይታይ፣ ዳኛው ስድስት ወር ይቆይ ይበሉ። ይህ ሕጋዊ ነው፣ ማንም አይከፋም። ባለቤቱ የሚከፋው ሰኞ ና፣ ረቡዕ ና ሲባል ነው። በዚያ ላይ ስጋቱ እውነት የሆነበትም ሰው፣ ስጋት የሌለበትም ሰው ያው አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚጠብቀው።

ፈቃዱ ጊዜው ያለፈበት ሰውም አለ። እሱን ከኮንትሮባንድ ነጋዴ ጋር አንድ ክምር ውስጥ መጣል ምን ይባላል? ያድስ፣ ቅጣቱን ይክፈል፣ ይውሰድ። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

የሚያሳስበኝ ሰዉ ከዚህ ሁሉ የሚማረው ነው። በሽማግሌው መንደር ያላስመዘገበ ሰው መሣሪያው ዛሬም ከጣሪያው ሥር ነው፣ ማንም አልነካበትም። ያስመዘገቡት ሽማግሌ ሲመላለሱ ከረሙ። ጎረቤት ይህን ያያል። በሚቀጥለው ጊዜ «አስመዝግቡ» ሲባል ማን ይሄዳል? መሣሪያ መመለስን የሚደነግግ ሕግ ለባለ ጠመንጃ የተደረገ ውለታ አድርጎ የሚያይ ባለሥልጣን ካለ ተሳስቷል። ምዝገባው ራሱ ያለ እሱ አይቆምም።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጥያቄውን ለፍትሕ ሚኒስቴርና ለፌዴራል ፖሊስ አቅርቡልን፦ መዝገቡ በ42 የተዘጋበት ሰው መሣሪያውን ለመውሰድ የትኛውን ቢሮ፣ በየትኛው ወረቀት፣ በስንት ቀን ውስጥ ይጠይቅ? መልሱን ከነቁጥሩ አትሙት። ቆርጬ ጠረጴዛዬ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ለሚመጣውም ሁሉ በነጻ አነብለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ማመልከቻ ጸሐፊው